የሁለት ድምፅ ጉዳይ

ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ
ሴፕቴምበር 14

ለጋሼ ኡወይስ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት እርስዎ ባሉበት ቤት ሁሉ ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል ብለውኝ ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሀይፋ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ነው የምትመልስልኝ፤ የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ግን አጠገቤ ተቀምጣ እስክጨርስ ታዳምጣለች።

ሰው ሁሉ በስልክ በሚገናኝበት ጊዜ ለምን ወረቀት እንደምጽፍ ጠይቃኝ ነበር። ጀርመን እንደገባሁ ሃይም በሚሉት የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ሆነን የጥገኝነት ውሳኔ ስንጠብቅ፣ በየሁለት ሳምንቱ በስሜ የሚመጣ ፖስታ የእርስዎ ብቻ እንደነበር ነገርኳት። የአባቴ የአጎት ልጅ ነዎት፤ በአካል ያየሁዎት በልጅነቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ጊዜ አላቋረጡብኝም። ውለታዎን በየቀኑ ባልናገረውም በየቀኑ አስበዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ምክር ፈልጌ ነው። ፍሉግሃፈን፣ ማለት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ አውሮፕላን የምናጸዳበት ድርጅት ቤትሪብስራት የሚሉት የሠራተኞች ምክር ቤት አለው። ባለፈው ምርጫ እኔና ትኩእ የሚባል ኤርትራዊ ባልደረባዬ ተወዳድረን ሁለት ወንበር አግኝተናል። አሥራ አንድ ነን። ሊቀ መንበሩ ክሪገር አምስት ሰው አለው። ሚርኮ የሚባለው ተቀናቃኙ ደግሞ አራት። ክሪገር ያለ እኛ ምንም ማጽደቅ አይችልም፤ ሚርኮም ያለ እኛ ክሪገርን ማውረድ አይችልም።

ድርጅቱ የጠዋቱን ሺክት፣ ማለት የሥራ ፈረቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ማስጀመር ይፈልጋል። ለእኔ ለጋሉሷ ብዙም አይከብድም። ጻይልስሃይም የሚኖሩት ግን በዚያ ሰዓት የሚያደርሳቸው አውቶቡስ የላቸውም። ለእኛ ፊርማ ያሰባሰበችው ሰብለወንጌል የምትኖረው እዚያ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። የተመረጥነውም “ድርጅቱ ሰርቪስ ካላቆመልን አንፈርምም” ብለን ነው።

እርስዎ ስለ ካናዳው ፓርቲዎ ሲጽፉልኝ፣ መንግሥቱ አብላጫ ወንበር ስለሌለው ሚዛኑ በእጃችን ነው ብለውኝ ነበር። እኛም እንደዚያው ሆነናል። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ያስተምሩኝ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ልጅዎ ዙበይዳ ሁሴን


ዊኒፔግ
ኦክቶበር 3

ለዙበይዳ፣ ለወንድሜ ለሁሴን ልጅ፣

አላህ አንቺንም ሀይፋንም ከክፉ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከደስታዬ ብዛት ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጉልበቴ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ፍሬን የረገጠ ጉልበት ነው፤ አልታዘበውም። የድሮውን ውለታ ግን አታንሺብኝ። ያኔ እኔም ባለቤቴን ቀብሬ ብቻዬን ቀርቼ ነበር፤ ለአንቺ መጻፉ ለእኔም ደግ ሆኖልኛል።

ቤትሪብስራት ገባሁ ማለትሽ አኩርቶኛል። አሁን የእኛን ነገር ልንገርሽ። እዚህ መንግሥቱ ከፓርላማው ግማሽ በታች ወንበር ነው ያለው። በጀት ሲያቀርብ ወይም የመተማመኛ ድምፅ ሲሰጥ ከተሸነፈ ይወድቃል፣ አገሩም ወደ ምርጫ ይሄዳል። ትልቁ ተቃዋሚ በማንኛውም ቀን ሊጥለው ዝግጁ ነው። የእኛ ትንሹ ፓርቲ ግን ድምፁን በዋጋ ነው የሚሰጠው። በዚህ መኸር የጠየቅነው ዋጋ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን ሁሉ መነጽርና የጆሮ መስሚያ በነጻ እንዲታደል ሕግ እንዲወጣ ነው። መሪያችን በቴሌቪዥን ቀርቦ “እስከ ወሩ መጨረሻ ሙሉው ሕግ ካልቀረበ መንግሥቱን እንጥላለን” ብሏል። እኔም ለእንደራሴያችን ለጆአን አራት መቶ በር አንኳኩቼ ይህንኑ ተናግሬአለሁ።

ምክሬ አጭር ነው። ቀን ቁረጡ። በአደባባይ ተናገሩ። “በዚህ ቀን ካልሆነ ክሪገርን እናወርዳለን” ብላችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ። የሚያስፈራ ነገር ከሌላችሁ ማንም አይሰማችሁም። ክሪገር ወንበሩን ይወዳል፤ ይንበረከካል።

አላህ ቃልሽን ያስከብርልሽ።
ኡወይስ


ጋሉስ
ኖቬምበር 18

ለጋሼ ኡወይስ፣

ሰላምታዬ ከሀይፋ ሰላምታ ጋር ይድረስዎ። ዊኒፔግ በረዶው እንደጀመረ በዜና አይቻለሁ፤ ሲወጡ ይጠንቀቁ።

ምክርዎን ተቀብዬ እንዳሉኝ አደረግሁ። ሠራተኛው ሁሉ ሻይ በሚጠጣበት ክፍል ግድግዳ ላይ “እስከ ኦክቶበር 31 ሰርቪስ ካልተፈቀደ ሊቀ መንበሩን ለማውረድ ድምፅ እንሰጣለን” ብለን ለጠፍን። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ እየመጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ክሪገር ጠራን። “ከድርጅቱ ጋር እየተነጋገርኩ ነው፣ ሁለት ሳምንት ስጡኝ። እስከዚያ አዲሱ ሰዓት ለሙከራ ይጀመር” አለ። እኔና ትኩእ ተስማማን። ሁለት ሳምንቱ አለቀ። ሌላ ሁለት ሳምንት ጠየቀ። ሰጠነው። ለምን እንደሰጠነው ልንገርዎ፦ ትኩእ ሚርኮን “ክሪገርን ብናወርደው ሰርቪሱን ታስመጣለህ ወይ?” ብሎ ሲጠይቀው ሰውዬው ሳቀ። “አውቶቡስ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ እኔ የምፈልገው ወንበሩን ነው” አለው ፊት ለፊት። እና ብናወርደው ማንን ነው የምንሾመው? ይህን ግን ግድግዳው ላይ ስንለጥፍ አላሰብንበትም።

በሙከራው ጊዜ ሰብለወንጌል ልጇን ጎረቤት አስተኝታ፣ እስከ ባቡሩ ድረስ በእግሯ እየሄደች ሁለት ቀን ዘገየች። አብማኑንግ፣ ማለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። አንድ ተጨማሪ ከመጣ ልትባረር ትችላለች። ትናንት ልብስ መቀየሪያው ጋ አገኘኋት።

“ማስታወቂያው አሁንም ተለጥፏል” አለችኝ።

“አዎ፣ አሁንም እየተነጋገርን ነው።”

“ቀኑ ካለፈ ግን አንሺው። በገባሁ ቁጥር እሱን ማየት ሰልችቶኛል።”

ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በሌላ ቀን የምታናግረኝ ሴት ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቀየሙኝ። ሀይፋ በስልኳ የካናዳን ዜና አንብባልኝ ነበር። ፓርቲዎ ያ ወር ካለቀ በኋላ ከመንግሥቱ ጋር ድምፅ ሰጠ የሚል ነው ያነበበችልኝ። እውነት ነው? በራቸውን ላንኳኩባቸው ሰዎች ምን አሏቸው?

መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።
ዙበይዳ


ጋሉስ
ጃንዋሪ 11

ለጋሼ ኡወይስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎ አልደረሰኝም። መጀመሪያ የካናዳ ፖስታ ነው ያዘገየው አልኩ። ከዚያ የጠየቅኩት ጥያቄ ድፍረት ሆኖብዎት ይሆናል ብዬ አዘንኩ። ታላቅን እንደዚያ መጠየቅ አልነበረብኝም።

ምክሩን ይተዉት። ደህና ነኝ የምትል አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ዙበይዳ


ዊኒፔግ
ፌብሩዋሪ 9

ለልጄ ለዙበይዳ፣

ረመዳን ሊገባ ነው። አላህ ለአንቺም ለሀይፋም የሰላም ጾም ያድርግላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ፖስታውም ደህና ነበር። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ያልጻፍኩልሽ አፍሬ ነው።

ጥያቄሽ ድፍረት አይደለም። ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ነው ሦስት ወር የፈጀብኝ።

አዎ፣ ከመንግሥቱ ጋር ድምፅ ሰጥተናል። መንግሥቱ ሙሉውን ሕግ አላመጣም። መነጽሩን ትቶ የጆሮ መስሚያውን ብቻ፣ ያውም ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ላሉት አመጣ። የእኛ ሰዎች “ግማሹን እንያዝ፣ ብንጥለው የሚመጣው ትልቁ ተቃዋሚ ይህንንም ይሰርዘዋል” አሉ። ይህ ስሌት ስህተት ነው ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ስህተቱ ሌላ ነው። እንጥላለን ስንል ልንጥል አልፈለግንም ነበር። በሳምንቱ መሪያችን ደግሞ ሌላ ቀን ቆረጠ። ያም ቀን አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆርጥ በቴሌቪዥን ጠያቂው ሳቁን መያዝ አቃተው።

ከቤቴ ሦስተኛው በር ሃሊና የምትባል የሰማንያ አንድ ዓመት መበለት ትኖራለች። እንደገና የፓርቲውን የቅስቀሳ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ። ጆሮዋ ላይ አዲስ መስሚያ አድርጋለች፤ የእኛ ሕግ ያስገኘላት ነው። ደስ ብሎኝ “እንኳን ደስ ያለሽ” አልኳት።

“መስሚያውን እንዳደረግኩ መጀመሪያ የሰማሁት የእናንተን ዜና ነው” አለችኝ። “አንተ እዚህ ቆመህ እንጥለዋለን አልከኝ። ይሄ እንደሚመጣልኝ ነግረኸኝ ቢሆን አመሰግንህ ነበር። አሁን ግን ዓይኔን እያየህ እንደዋሸኸኝ ነው የማስበው።”

ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው። ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም በር አላንኳኳሁም። እኔ ውሸታም ተብዬ አላውቅም፣ ዙበይዳ። አውቶቡስ ስነዳ እንኳ ሦስት ደቂቃ ከዘገየሁ በማይክሮፎን ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነበርኩ።

አንቺ ምክር ስትጠይቂኝ እኔ ከፓርቲው ወረቀት ላይ ያነበብኩትን ላክሁልሽ። ጥሩ ውጤት ያመጣ እንደሆነ እንኳ ሳላይ። ያቺ ልጅ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት በእኔ ምክር ምክንያትም ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ። ማድረግ የማትፈልጊውን ነገር አደርጋለሁ ብለሽ አታስፈራሪ። ማስታወቂያውን በእጅሽ አንሺው፣ ሰው እያየሽ። ሚርኮ ምን እንዳለ ንገሪያቸው። ልታገኙ የምትችሉትን፣ የምትተዉትንም፣ ድምፅ ከመስጠትሽ በፊት ንገሪያቸው፤ ከሰጠሽ በኋላ ማስረዳት ሰበብ ይመስላል። ይቆጡሽ ይሆናል። ቢሆንም ትርፍና ኪሳራውን አብረውሽ ቆጥረው ይቆጡሽ።

ስለ ጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። ሌላ ማንም አልጠየቀኝም።

ኡወይስ


ጋሉስ
አፕሪል 12

ለጋሼ ኡወይስ፣

እንኳን ለዒድ አደረስዎ፤ ዘግይቼም ቢሆን። ይቅርታ የጠየቁበትን ገጽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይቅር የምለው ነገር የለኝም። ሦስት ወር ዝም ብለው እውነቱን ከመጻፍዎ ይልቅ፣ ቶሎ ጽፈውልኝ ቢደብቁኝ የከፋ ነበር።

አሁን የሆነውን ሁሉ ልንገርዎ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ለትኩእ አነበብኩለት። እሱ በትግርኛ አንድ ነገር አጉረመረመና “እንግዲህ እንንቀለው” አለኝ። በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ሙሉ ሰው እያለ ማስታወቂያውን ከግድግዳው ነቀልኩት። “ይህን ስንጽፍ ልናደርገው አልወሰንንም ነበር” አልኳቸው። “ክሪገርን ብናወርድ ሚርኮ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ አውቶቡሱ ጉዳዬ አይደለም ብሏል። የሚቀጥለው ሐሙስ ሁሉንም እንነግራችኋለን፣ ኑ።”

ክሪገር ጋ ሄድንና በዚያው ቋንቋ አነጋገርነው። እናወርድሃለን አላልነውም። “ሁለት ድምፅ አለን፤ ለዚህ ለዚህ እንሰጣለን፣ ለዚህ አንሰጥም፤ ሐሙስ ለሠራተኛው የምንነግረውም ይህንኑ ነው” አልነው። ወረቀት አወጣና ጻፈው። ከድርጅቱ ጋር አራት ቀን ተጨቃጭቆ፣ ፊርማ ብቻ የቀረው ስምምነት ይዞልን መጣ።

ሐሙስ ስልሳ ያህል ሰው መጣ። ቆሜ ነገርኳቸው። ሰርቪስ ዘንድሮ አይገኝም፤ ድርጅቱ ጨርሶ እምቢ ብሏል። በእሱ ፋንታ ትንሽ ልጅ ያለው ወይም መጓጓዣ የሌለው ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል አይመደብም፤ የእነሱ ሺክት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይጀምራል። በሙከራው ጊዜ በመዘግየት የተሰጡ አብማኑንጎች ከማኅደር ይወጣሉ። ልጅ የሌላቸውና መኪና ያላቸው ግን በዘጠኝ ተኩሉ ይገባሉ። እነሱ ይጎዳሉ። ይህን አልደበቅኩም።

አንድ ሰውዬ ተነስቶ “እና ለእኔ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?” አለኝ።

“ለአንተ ምንም” አልኩት። “ለአንተ ክፉ ነው። ለዚህም ነው ከመፈረሜ በፊት የምነግርህ።”

በሩን በኃይል ዘግቶ ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። የሚርኮ ሰዎች ከኋላ ከዳተኞች አሉን። መጨረሻ ላይ እጅ እንዲያወጡ ጠየቅኩ፦ እንፈርም ወይስ አንፈርም? አርባ አንድ ሰው ፈርሙ አለ። ሰብለወንጌል እጇን ያወጣችው ዘግይታ ነው፤ ግን አወጣች። በማግስቱ ፈረምን።

ትኩእና እኔ ወዳጅ ብቻ አላተረፍንም። የምክር ቤቱ ዘመን አብቅቶ ባለፈው ሳምንት አዲስ ምርጫ ተደርጎ ከሁለቱ ወንበር አንዱን አጣን፤ ትኩእ ወጣ፣ እኔ ቀረሁ። ትኩእ “ቢያንስ አሁን እንቅልፌን እተኛለሁ” ብሎ ይስቃል። ሰብለወንጌል ልጇን ኪታ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ነው አሁን የምትመጣው፤ የቀን ሺክት ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ትናንት በአውሮፕላን ወንበሮች መሃል መጥረጊያ ይዛ ስታልፍ “ያኔ ‘ለአንተ ምንም’ አልሽው እኮ ሰውዬውን፣ ምንም” አለችኝና ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እርስዎ ነው ያስተማሩኝ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይሆን በሁለተኛው። አላህ ይስጥልኝ። ወደ ሃሊና ቤት ግን ይመለሱ። ልጅ ታላቅን አታዝም፤ ግን ይመለሱ።

ልጅዎ ዙበይዳ


ዊኒፔግ
ጁን 7

ለልጄ ለዙበይዳ፣ ለቤትሪብስራቷ እመቤት፣

አላህ እጅሽን ይባርክ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ። ለሀይፋ አያትሽ ሰላም ብሎሻል በያት፤ በጀርመንኛም ቢሆን ትመልስልኝ።

እዚህ ብዙ ነገር ሆኗል። መንግሥቱ በመጨረሻ በሚያዝያ ወደቀ። የጣልነው እኛ አይደለንም፤ እሱ ራሱ ሰዓቱን መርጦ ምርጫ ጠራ። ይኸው እንደዚያ ሆነ፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ እንጥላለን ስንል የሚወድቅበትን ቀን የመረጠው እሱ ሆነ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የምርጫው ዘመቻ በተጀመረ ሳምንት ነው። ለጆአን አላንኳኳም ብዬ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጫማዬን አድርጌ ሃሊና ቤት ሄድኩ። ወረቀት አልያዝኩም። “ባለፈው ዋሽተሃል ያልሽኝ ልክ ነው። ለመሪዬ ብዬ የማላውቀውን ነገር ቃል ገባሁልሽ” አልኳት። ሕጉን ለምን በግማሹ እንደተቀበልነው፣ መነጽሩን ለምን እንደተውነው ነገርኳት። ዓይኗ በጣም ደክሟል፣ ዙበይዳ፤ መነጽሩ ለእሷ ነበር የሚያስፈልጋት። ያንንም ሳልሸሽ ነገርኳት።

“አሁንም አልመርጣችሁም” አለችኝ።

“ለዚያ አይደለም የመጣሁት።”

“አውቃለሁ። ለዚህ ነው ግባ የምልህ።”

ገብቼ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ስለ ሟች ባሏ አወራችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ምርጫው ሁለት መቶ ስድሳ በር አንኳኳሁ፣ በየበሩም ይህንኑ ተናገርኩ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፤ አንዳንዱ ሊሰማ ቆመ።

ተሸነፍን። ጆአን በሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ወደቀች፤ ፓርቲያችንም በአገሩ ሁሉ ክፉኛ ተመታ። እኔ ግን፣ አላህ ይመስክር፣ እንደ ኖቬምበሩ አላፈርኩም። መሸነፍም ዓይነት አለው መሰለኝ።

ከምርጫው በኋላ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ውስጥ ስብሰባ ነበረን። የመጣነው አሥራ አራት ነን። ሰው ሁሉ መሪውን ይወቅሳል፣ ጋዜጠኛውን ይወቅሳል። ጆአን ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁና ፈቃድሽን ሳልጠይቅ አንብቤ ተረጎምኩላቸው፤ ለዚህም ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። “ለአንተ ምንም” ያልሽው ቦታ ስደርስ ጆአን ራሷን ቀና አደረገች።

“ይቺ ሴት የየትኛው ፓርቲ ናት?” አለችኝ።

“የአንዱም አይደለችም” አልኳት። “ፍራንክፈርት አውሮፕላን ታጸዳለች። የወንድሜ ልጅ ናት።”

ከዚያ አንድ ወጣት፣ ባለፈው ዘመቻ ከእኔ ጋር በር ያንኳኳ የነበረው፣ እጁን አወጣ። “ሰውዬው መውጣት ሲችል ለምን ተመልሶ ተቀመጠ? እኛ ጋ ሰው ሲቆጣ ይወጣል። እሷ ጋ ለምን ቀረ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለዚህ ነገር ባለሙያው እኔ ነበርኩ፤ ስብሰባው ላይ ከሁሉም ብዙ በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሷን ጠይቄ እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

ይኸው ጠየቅኩሽ። መልስሽን ለመስማት በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ አሥራ አራት ሰው ይሰበሰባል። በእርጋታ አስቢበት፤ ብትዘገዪም እንጠብቅሻለን።

ለሁሉም አመሰግንሻለሁ። አላህ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ኡወይስ